የአሻንጉሊት ወታደር ሰብሳቢዎች የዲዮራማ ውድድር በድሬዳዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋና በሐረር የምንገኝ የአሻንጉሊት ወታደር ሰብሳቢዎች በየዓመቱ የካቲት 23 በሚውልበት ሳምንት ድሬዳዋ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በአንድ አዳራሽ ተሰባስበን ዲዮራማዎቻችንን እናወዳድራለን። የምዝገባው ወቅት በደረሰ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ስለሚቀርቡልን መልሶቹን በዳኝነት ካገኘሁት ልምድ ጋር አያይዤ እዚህ ጽፌአቸዋለሁ። ስለ መሬቱ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ታሪኩ ትክክለኛነት ዘርዘር አድርጌ የጻፍኩት ተወዳዳሪዎች አብዛኛውን ነጥብ የሚያጡት እዚያ ላይ በመሆኑ ነው።

ዲዮራማ ምንድን ነው? ወታደሮችን አሳምሮ መደርደር አይበቃም?

ቃሉን በ1822 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ያስተዋወቀው ሉዊ ዳጌር ሲሆን፣ ያኔ የሚያመለክተው በግዙፍ ሸራ ላይ ተስሎ በብርሃን መለዋወጥ ብቻ ቀኑ የሚመሽ፣ ሌሊቱም የሚነጋ የሚመስል ትርኢትን ነበር። ዛሬ እኛ ዲዮራማ የምንለው ግን በአንድ መደብ ላይ ሰዉ፣ መሬቱ፣ ግንቡና ዛፉ በአንድ ምጥጥን ተሰናድተው አንድን ቅጽበት የሚያሳዩበትን ሥራ ነው። በሰልፍ የቆሙ ሃምሳ ወታደሮች የሚያምር ስብስብ ናቸው፤ ዲዮራማ የሚሆኑት ግን ተመልካቹ ከዚያ ቅጽበት በፊት ምን እንደነበረና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ከሁኔታቸው መገመት ሲችል ነው።

ከቀረቡልን ሥራዎች ሁሉ ከዐይኔ የማይጠፋው ሦስት ሰዎችና አንዲት በቅሎ ብቻ የነበሩበት ነው። ወደ ዐድዋ ከሚዘምቱት መካከል አንድ ጎልማሳ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን ቀኝ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እሾህ ያወጣል፤ ጋሻውን በጀርባው ገልብጦ መሬት ላይ አኑሮታል። አንድ ልጅ የጎልማሳውን ጠመንጃ ከራሱ ቁመት በላይ ሆኖበት በሁለት እጁ አቅፎ ይጠብቃል። ሦስተኛው ሰው የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ ፊቱን ወደ መንገዱ መልሷል፤ ቸኩሏል። ተኩስ የለም፣ ሬሳም የለም፤ ነገር ግን የአገሩ ርቀት፣ የሰዉ ባዶ እግርና የዘመቻው ጥድፊያ ከአንድ እሾህ ላይ ተነበበ። እንዲህ ከአራትና ከአምስት ምስል የማይበልጥበት አነስተኛ ሥራ ቪኜት ይባላል፤ በእኛ ውድድርም ከትልቁ ዲዮራማ እኩል ይዳኛል።

በየትኛው ስኬል መሥራት አለብኝ?

በፈለጉት። ስኬል ምስሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ እንዳነሰ የሚገልጽ ምጥጥን ነው፤ 1፡72 ማለት ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ከ1፡72 እስከ 1፡32 ያሉት ሁሉ ተቀባይነት አላቸው፤ ወሳኙ ነገር የተመረጠው ስኬል ከዳር እስከ ዳር መከበሩ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው በ1፡72 ወደ 24 ሚሊ ሜትር፣ በ1፡35 50 ሚሊ ሜትር፣ በ1፡32 ደግሞ 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የመጨረሻው መጠን ሰብሳቢዎች 54 ሚሊ ሜትር የሚሉት የጥንቱ የአሻንጉሊት ወታደር ልክ ነው፤ ዊሊያም ብሪቴን በ1893 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የእርሳስ ብረት ወታደሮችን መሥራት ከጀመረ በኋላ በብዙ አገሮች ሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደ መለኪያ ሆኗል። በ1፡35 እና በ1፡32 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አንዱ አባት ሌላው ልጅ መስሎ ይታያል። የግድ መቀላቀል ካለብዎት ትንሹን ወደ ኋላ ያርቁት፤ ርቀቱ ልዩነቱን ይሸፍንልዎታል።

ስኬል በብዛት የሚሳተው በሰዎቹ ላይ ሳይሆን በዕቃው ላይ ነው። የድሬዳዋን ባቡር ጣቢያ መሥራት የሚወድ ሰው እዚህ ብዙ ነው፤ ከተማችን ራሷ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ የድሮው ሐዲዳችን በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የአሻንጉሊት ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ1፡72 ሲሰላ ወደ 1 ሜትር ከ19 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለ1፡72 የሚያስፈልገው ወደ 14 ሚሊ ሜትር፣ ለ1፡35 ደግሞ ከ28 እስከ 29 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ብረት ነቅሎ አጥብቦ መልሶ ማጣበቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ በዚያ ሐዲድ ላይ ሲሠሩ የኖሩ አባቶች ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ ግን መጀመሪያ የሚያስተውሉት ይህንኑ ነው።

እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ የሚሸጡትን ርካሽ የፕላስቲክ ወታደሮች መጠቀም እችላለሁ?

በሚገባ ይችላሉ፤ በእነዚህ ወታደሮች የተሠሩ ሥራዎች ከፍተኛውን ደረጃ አግኝተው ያውቃሉ። ማወቅ የሚያስፈልገው የፕላስቲኩን ጠባይ ነው። በከረጢት የሚሸጡት አረንጓዴና ቡኒ ወታደሮች በአብዛኛው ከፖሊኤትሊን የተሠሩ ስለሆኑ ሲያጥፏቸው ይለመጣሉ፤ የሞዴል ማጣበቂያ አይዛቸውም፣ ቀለምም በቀላሉ ይላጥባቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ በሞቀ ውኃና በሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠቡ፤ ከፋብሪካ የወጡበት ቅባት መልቀቅ አለበት። ሲደርቁ በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በስሱ ይቀቡና ለአንድ ቀን ይተዉ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀባው ቀለም ከምስሉ ጋር አብሮ ስለሚታጠፍ አይሰነጠቅም። እጅ ወይም ራስ ቆርጠው የሚቀይሩ ከሆነ በማጣበቂያ ብቻ አይመኑ፤ ሁለቱንም ወገን በቀጭን መርፌ በስተው የመዳብ ሽቦ ያስገቡ፣ ከዚያ በሱፐር ግሉ ይያዙት።

ለዐድዋ የሚሆን ምስል ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ ብዙዎች ለዙሉ ጦርነት የተሠሩትን ይለውጣሉ። ይህ የተፈቀደ ነው። ሆኖም የዙሉ ጋሻ ረዥምና ሞላላ ሲሆን የእኛ ጋሻ ክብና ከመሐሉ የጎበጠ ነው፤ ስለዚህ ጋሻውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ግድ ይላል። የሸሚዝ ቁልፍ ጀርባውን በስሱ በፑቲ ሞልቶ መሥራት ከሞከርኩት ሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ሸማውን ደግሞ ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ ከሚወጣው ስስ ወረቀት ቆርጦ በውኃ በቀጠነ ኮላ ነክሮ ትከሻ ላይ መጣል ይቻላል፤ እርጥብ ሳለ እጥፋቱን በመርፌ ጫፍ ያስይዙት።

መሬቱን በምን ልሥራው?

ወታደሩን መግዛት ይቻላል፤ መሬቱን ግን ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጡ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ሣርና ጥቁር ጭቃ እንዳለ ገልብጠው ሐረርጌ ነው ብለው የሚያቀርቡልን ሰዎች አሉ፤ የአቀባብ ችሎታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ በዚህ ምክንያት ብዙ ነጥብ ያጣሉ።

በመጀመሪያ ስለ መደቡ። ኮምፔርሳቶ ወይም ችፑድ ከታች፣ ፎም ከላይ፣ በዚያም ላይ ስስ ጄሶ ወይም ከኮላ ጋር የተለወሰ ሰጋቱራ በቂ ነው። ኮምፔርሳቶውን በሁለቱም በኩል ይቀቡት፤ በአንድ በኩል ብቻ እርጥበት የነካው ሲደርቅ እንደ ጎባጣ ጣራ ይቆለመማል።

ቀጥሎ አሸዋው። የደቻቱ ወንዝ ከደጃችን ነው፤ ክረምት ካልሆነ በስተቀር ደረቅ ስለሆነ ገብቶ መምረጥ ይቻላል። ነገር ግን አሸዋውን እንዳለ አይድፉት። 1 ሚሊ ሜትር የሆነች ፍሬ አሸዋ በ1፡35 ሲታሰብ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ጠጠር፣ በ1፡72 ደግሞ ከ7 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ድንጋይ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ በዱቄት ወንፊት፣ ቀጥሎ በአሮጌ ነጠላ ነፍተው በሦስት ይክፈሉት፦ ዱቄት የሚመስለው ለመንገድ፣ መካከለኛው ለሜዳ፣ ሻካራው ለወንዝ ዳር ይሆናል። ከዚያ በምጣድ ላይ አምሱት፤ ጥቃቅን ነፍሳትና የሣር ዘር ካልሞቱ ከወራት በኋላ ከዲዮራማው ውስጥ ጉንዳን ወይም ቡቃያ ይወጣል። ይህ በእኔ ሥራ ላይ ደርሷል።

ጎርፍ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ደቻቱ ወርደው መሬቱን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ውኃው ከጎበጠበት ቦታ ውስጠኛው ዳር ላይ ደለሉ ቀጭን ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዙ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ሰፌድ የሚመስል ቅርጽ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ እርጥብ ስለሆነ ጠቆር ይላል። ከውጭኛው ዳር ግን ትላልቁ ድንጋይ ተከምሮ፣ በመካከሉ ጨርቅና የዛፍ ሥር ተሰክቶ ይታያል። ይህን ለመሥራት የተነፋውን ደለል በብዙ ውኃና በጥቂት ኮላ ለውሰው በፀሐይ በፍጥነት ያድርቁት፤ ኮላው ባነሰ መጠን ስንጥቁ ይበዛል። ከደረቀ በኋላ በውኃ የቀጠነ ኮላ በጠብታ አድርገው ካስጠጡት እንደተሰነጠቀ ይጸናል።

ለዛፍ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም። የደረቀ የጫት ገራባ ቅርንጫፉ ቀጭንና አንጓማ ስለሆነ በ1፡72 ግራር፣ በ1፡35 ቁጥቋጦ ሆኖ ያገለግላል፤ ቅጠሉን አራግፈው ግንዱን ብቻ ይጠቀሙበት። የሻይ ቅጠል የረገፈ ቅጠል ይሆናል። የቡና አተላ ለጥቁር አፈር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ከተጣበቀ ይሻግታልና ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። የሐረርን ጀጎል የሚሠሩ ከሆነ ግንቡ ከድንጋይ የተካበ እንጂ በሲሚንቶ የተለሰነ እንዳልሆነ ያስታውሱ፤ ከፍታው 4 ሜትር ያህል ስለሆነ በ1፡72 ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ፎሙን በእርሳስ ጫፍ እየጫኑ ድንጋይ ድንጋዩን መሳል ይቻላል፤ አንዱ ድንጋይ ከሌላው ጋር እኩል ከሆነ ግን ብሎኬት ይመስላል።

የነጭ ሸማና የሰው ገላ ቀለም ያስቸግረኛል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ተወዳዳሪ የለም ማለት ይቻላል። ነጭ ሸማን በነጭ ቀለም የጀመረ ሰው ብርሃን የሚያሳይበት ቦታ አይተርፈውም፤ ከነጭ በላይ ነጭ የለምና። ስለዚህ መሠረቱን በአመድማ ክሬም ይቀቡ፤ እጥፋቱ ውስጥ በውኃ የቀጠነ ቡኒ ያስገቡ፤ ንጹሑን ነጭ ለትከሻውና ለእጥፋቱ ጫፍ ብቻ ያስቀሩት። ቀናት የተጓዘ ሰው ሸማ ከጉልበት በታች የመንገዱን አፈር ቀለም ይይዛል፤ መደቡ ላይ የተጠቀሙበትን ያንኑ ቀለም በደረቅ ብሩሽ ጫፉ ላይ ቢያስነኩት ሰውየውና መሬቱ የአንድ አገር ይሆናሉ።

ለገላ ደግሞ ከሳጥን የሚወጣውን ሮዝማ የገላ ቀለም ይተዉት። ቡኒ፣ ቀይ አፈርማና ጥቂት ቢጫ እያቀላቀሉ ለእያንዳንዱ ሰው ለየት ያለ ቅልም ያዘጋጁ፤ በአንድ ሠራዊት ውስጥ ጠይሙም፣ ጥቁሩም፣ ቀይ ዳማውም ነበሩ። ለጥላው ጥቁር ቀለም አይጨምሩ፤ ፊቱን ሕይወት ያሳጣዋል። ጠቆር ባለ ቡኒ ላይ ጠብታ ሰማያዊ ማከል ይበቃል። በ54 ሚሊ ሜትር ምስል ላይ ዐይን የምትታየው እንደ አንዲት ጥቁር ቀጭን መስመር ነው፤ ነጩን አስፍቶ መሳል ሰውየውን የደነገጠ ያስመስለዋል።

የድሬዳዋ ሙቀት ቀለሙን ያደርቅብኛል፤ መፍትሔ አለው?

አለው። አክሪሊክ ቀለምን በደረቅ ሳህን ላይ አያውጡ። ዝቅ ባለ ሳህን ላይ ውኃ የጠጣ ስፖንጅ ያንጥፉ፣ በላዩ የመጋገሪያ ወረቀት ይዘርጉ፣ ቀለሙን በወረቀቱ ላይ ያስቀምጡ፤ ለሰዓታት ርጥብ ሆኖ ይቆያል። በተቻለ መጠን ማለዳ ይሥሩ። የተጠናቀቀ ሥራ በቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው ፈጽሞ አይገባም፤ አንድ የፕላስቲክ ጠመንጃ በአንድ ከሰዓት እንደ ማጭድ ሲቆለመም አይቻለሁ።

ምን ዓይነት ታሪክ ብመርጥ ይሻላል?

ርዕሱ የግድ የኢትዮጵያ መሆን የለበትም፤ ዋተርሎንም ስታሊንግራድንም ያቀረቡ አሉ። ሆኖም ሰው አገሩን ሲሠራ መሬቱን፣ ብርሃኑንና የሰዉን አቋቋም ስለሚያውቀው ሥራው ይበልጥ ይሰምርለታል የሚል እምነት አለኝ። በዚህ አካባቢ ርዕስ አይጠፋም። ከሐረር ተነሥቶ የዘመተው የራስ መኮንን ጦር አለ። መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. የናይጄሪያ ወታደሮች ሐረር ሲገቡ፣ ከሦስት ቀን በኋላም ደቡብ አፍሪካውያን ድሬዳዋ ሲደርሱ የነበረው ሁኔታ አለ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል አለ፤ ለዚህ በ1፡35 የሚወጡት የኤም 41፣ የኤም 47 እና የቲ-55 ታንክ ሞዴሎች ይረዳሉ።

እኔ አብዝቼ የምመክረው ግን የቃኘው ሻለቃን ጉዞ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፍሯል፤ ሐዲዱ የሚያልፈው ደግሞ በድሬዳዋ ነው። ቃኘው የሚለው ስም ራሱ የሐረሩ ገዥ የራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ አባ ቃኘው፣ ነው። በአንድ የባቡር መስኮት ተደግፎ ወደ ውጭ የሚያይ ወጣት ወታደርና ከታች ቆማ ውኃ የምታቀብል ሴት ብቻ ቢሠሩ ለሙሉ ዲዮራማ የሚበቃ ነገር አለ።

ዳኞች የታሪኩን ትክክለኛነት እስከ ምን ድረስ ይመረምራሉ?

ተመልካቹን የሚያሳስት ስሕተት እስካለ ድረስ። የቁልፍ ብዛት አንቆጥርም። ነገር ግን ከላይ ባነሣሁት የባቡር ጉዞ ላይ ወታደሮቹን ሙሉ የአሜሪካ ትጥቅ አልብሶ ማቅረብ ስሕተት ነው፤ የአሜሪካን መሣሪያና ትጥቅ ተረክበው የሠለጠኑት ኮሪያ ከደረሱ በኋላ ነውና። በተመሳሳይ፣ የሐረርን ጀጎል ከተማዋ በኤምሮች ትገዛ በነበረበት ዘመን እንደነበረው የሚሠራ ሰው አምስቱን የጥንት በሮች ብቻ ማሳየት አለበት፤ ከጊዜ በኋላ ለመኪና መተላለፊያ የተከፈተውን ሰፊውን በር ከጨመረ ሥራው ዘመኑን ይስታል። በዐድዋ ላይ ከወገን በኩል ሰናድርና ውጅግራ ጠመንጃ፣ ጦርና ጎራዴ፣ እንዲሁም የሆችኪስ መድፍ ሊታይ ይችላል፤ የኢጣሊያ እግረኛ የያዘው ቬተርሊ ጠመንጃ ነበር። አስካሪዎቹ፣ ማለትም በኢጣሊያ ጦር ውስጥ ያገለገሉት አፍሪካውያን ወታደሮች፣ ታርቡሽ የሚባለውን ቀይ ቆብ ያደርጋሉ።

ከሥራው ጋር ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ማብራሪያ ይቀርባል። በአማርኛ ይጻፍ፤ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ ተጨማሪ ማቅረብ ይቻላል፤ ብዙ ጎብኚም ያነብበዋል። በማብራሪያው ውስጥ የትኛውን ፎቶግራፍ ወይም የትኛውን አባት እንደጠየቁ መጻፍ ዳኞችን በእጅጉ ያግዛል።

ሰዎችን ሊያሳዝን የሚችል ታሪክ ማቅረብ ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፤ በጥንቃቄ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሆነው ጦርነት የሐረርን ኤምሬት ነጻነት ያበቃ ነው፤ የዚያ ቀን የሞቱት ሰዎች ልጅ ልጆች ዲዮራማውን ሊያዩ ይመጣሉ። የግብፅ ጦር ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዞ በቆየበት ዘመንም፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ወረራም ያለው ስሜት እንዲሁ ነው፤ በወረራው ጊዜ ድሬዳዋ ራሷ የጦር ሜዳ ነበረችና እናቶችና አባቶች ዛሬም ያስታውሱታል።

መመሪያችን ይህ ነው። የተሸነፈው ወገን ሰው ሆኖ ይሠራ፤ ፊቱን እንደ አውሬ አስቀይሞ መቅረጽ ወይም ሬሳውን ለማሳቂያ ማስቀመጥ ከውድድር ያስወጣል። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና የቅዱሳን መቃብር ሲካተቱ በክብር ይሁን። በፋሺስት ወረራ ዘመን የነበሩ ዓርማዎች በታሪኩ ውስጥ በሚገቡበት ቦታ ብቻ ይታያሉ። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ሥራው ሳይጠናቀቅ ፎቶግራፍ ልከው ያማክሩን። ከዚህ ቀደም የጨለንቆን ርዕስ የመረጠ አንድ ወጣት ሐረር ሄዶ ከአዛውንቶች ጋር ከተነጋገረ በኋላ ውጊያውን ትቶ ከውጊያው ማግስት ባል የጠፋባቸው ሁለት ሴቶች በጀጎል በር ቆመው መንገዱን ሲመለከቱ ሠራ። ከፊታቸው ማንም የለም፤ ባዶ መንገድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ አይቶታል።

ነጥብ አሰጣጡ እንዴት ነው?

ከመቶ ነው፦ ለታሪኩና ለአቀማመጡ 35፣ ለምስሎቹ አቀባብ 25፣ ለመሬቱና ለአካባቢው 25፣ ለትክክለኛነቱ 15። ሦስት ዳኞች የሠሪውን ስም ሳያውቁ በቁጥር ብቻ ያያሉ። በመጀመሪያ ከአንድ ሜትር ርቀት ሆነው ሥራው በራሱ ምን እንደሚል ያያሉ፤ ማብራሪያውን የሚያነቡት ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚል ደረጃ የለንም፤ የወርቅ ደረጃን ያሟላ ሁሉ ወርቅ ያገኛል፣ አምስትም ይሁኑ አንድ። ይህን አሠራር የመረጥነው ሰው ከጎረቤቱ ሥራ ጋር ከመፎካከር ይልቅ ከራሱ ያለፈ ዓመት ሥራ ጋር እንዲተያይ ነው፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪም የዳኞችን አስተያየት በጽሑፍ ይወስዳል።

በአቀማመጥ በኩል የማየው ተደጋጋሚ ጉድለት ሁሉም ነገር ከመደቡ ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኖ መሰለፉ ነው። ግንቡን ወይም መንገዱን ጥቂት አዙሩት፤ ዐይን ማረፊያ እንዲኖራት አንድ ዋና ሰው ይኑር፣ ሌሎቹም ወደ እርሱ የሚመሩ ይሁኑ፤ ባዶ ቦታ ለመተው አትፍሩ። የመደቡ ወሰን ለአዋቂዎች 60 በ60፣ ከ16 ዓመት በታች ላሉ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው።

ልጆች መሳተፍ ይችላሉ? የቆዩ የእርሳስ ወታደሮችስ?

ልጆች በራሳቸው ዘርፍ ይሳተፋሉ፤ ወላጅ ሹል ነገር መቁረጥን ያግዝ፣ ቀለሙን ግን ለልጁ ይተውለት። የእርሳስ ብረት ወታደሮች ለልጆች አይሰጡም፤ ብረቱም፣ የጥንቱ ቀለማቸውም መርዛማ ነው። አዋቂም ቢሆን ሲሞርዳቸው አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ አንሥቶ፣ ከምግብ በፊት እጁን መታጠብ አለበት።

ከአባት ወይም ከአያት የወረሱትን የቆየ ወታደር ለዲዮራማ ብለው እንደገና አይቀቡት። የተላጠም ቢሆን የመጀመሪያው ቀለሙ ዋጋው ነው፤ አንዴ ከተሸፈነ አይመለስም። በላዩ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ከታየ ብረቱ እየተበላ ነውና ከሌሎቹ ለይተው ደረቅና አየር በሚያገኝ ቦታ ያኑሩት። ከኦክ እንጨት በተሠራ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥም ጎጂ ነው፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ብረቱን ይበላዋል። እንደነዚህ ያሉ ወታደሮች ከውድድር ውጭ በመስተዋት ስር ለእይታ ይቀርባሉ።

በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የወጡ ምስሎችስ?

ይፈቀዳሉ። ቅርጹን ራስዎ እንደሠሩት ወይም እንደገዙት በማብራሪያው ላይ ይግለጹ።

መመዝገቢያ ክፍያና ሽልማት አለ?

ክፍያ የለም። ሽልማቱ የምስክር ወረቀትና የቀለም ስብስብ ነው።

ሥራዬን ከሐረር ወደ ድሬዳዋ እንዴት ላድርሰው?

መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የደንገጎ ቁልቁለትና መታጠፊያው ከርቀቱ ይበልጥ ያስቸግራል። መደቡን ከካርቶን ሳጥን ወለል ጋር ከሥር በሁለት ብሎን እሰሩት፤ በዙሪያው የሚታጨቅ ወረቀት ወይም ጥጥ ምስሎቹን ስለሚነካ አያስፈልግም። ጠመንጃ፣ ጦርና ባንዲራን ማታ ተነቃይ አድርጋችሁ ለየብቻ በጥጥ ጠቅልሉ፤ አዳራሹ ውስጥ በጠብታ ማጣበቂያ ይመለሳሉ። ሳጥኑን በሚኒባስ ጣራ ላይ አታስጭኑ። አንድ ዓመት ያቀረብኩት የጣቢያ ዲዮራማ በጣራ ላይ ተጭኖ መጥቶ፣ ሳጥኑን ስከፍት የጣቢያው ሰዓት ከግንቡ ተነቅሎ መሬቱ ላይ ተገኘ፤ ሹፌሩ ሲጭን በጥንቃቄ እንደሚይዘው ነግሮኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ለሁለት ሰው ከፍዬ እጓዛለሁ።

ርክክቡ ከውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው። በጉዞ ላይ የተነቀለ ነገር ቢኖር አትደናገጡ፤ በአዳራሹ መግቢያ በስተቀኝ ማጣበቂያ፣ ብሩሽና ዋና ዋና ቀለሞች የተቀመጡበት ጠረጴዛ አለ፤ ዳኝነቱም የሚጀምረው በማግስቱ ጠዋት ነው።